ከመኪናዬ ሥር የቀረው ጨው

የዕለቱ ንባብ፦ ዮሐንስ 13፥1–17፤ ማቴዎስ 5፥23–24

አዲስ አበባ ሳለሁ መኪና በገዛ እጄ አጥቤ አላውቅም። የአጥቢያችንን አሮጌ ቶዮታ ወደ ላቫጆ ስወስድ የእኔ ድርሻ ቁልፉን ማስረከብ፥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሻይ መጠጣትና እሑድ የምሰብከውን ማሰላሰል ነበር። ቦት ጫማ ያጠለቁ ወጣቶች በጎማ ውኃ እየረጩ፥ በሳሙና እያሹ፥ ምንጣፉን አውጥተው እያራገፉ ሥራውን ይጨርሱታል። እኔም ሒሳቡን ከፍዬ፥ ጉርሻ ጨምሬ፥ አመስግኜ እሄዳለሁ።

አሁን በምኖርበት በሜሪላንድ ግን ሰው ራሱ የሚያጥብበት ቦታ አለ። ግራና ቀኙ ግንብ፥ ፊትና ኋላው ክፍት የሆነ ጠባብ ስፍራ ውስጥ መኪናችሁን ታስገባላችሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሣጥን ኳርተር ይቀበላል። ሳንቲሙን ስትጨምሩ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ እናንተ ብትቸኩሉም ባትቸኩሉም ይቆጥራል። በመምረጫው ቁልፍ መጀመሪያ ማራሻውን፥ ቀጥሎ ሳሙናውን፥ ከዚያ አረፋ የሚያወጣውን ብሩሽ፥ ከዚያ ማለቅለቂያውን፥ ሲፈልጉ ደግሞ ሰሙን ትመርጣላችሁ። የመጨረሻው ማዕድን የተጣራለት ውኃ ነው፤ ሲደርቅ ነጠብጣብ አይተውም።

ይህን ቦታ ወደድሁት። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ማንም አያናግረኝም። መጋቢ የሆነ ሰው ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ ሲሰማ ይውላል። እዚያ ግን ከውኃው ጩኸት በቀር የሚሰማ የለም። ለዓመታት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስምንት ኳርተር በኪሴ ይዤ እሄድ ነበር። በሥራውም ጎበዝ ሆንሁ። ብሩሹን ከማንሳቴ በፊት መኪናውን በኃይለኛው ውኃ ደኅና አድርጌ አራግፋለሁ፤ አሸዋው ላይ ብሩሽ ከተሄደበት ቀለሙ ይጫራልና። ብሩሹንም ራሱን አስቀድሜ በውኃ እመታዋለሁ፤ ከእኔ በፊት የመጣው ሰው ጭቃ ፀጉሩ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራልና። ሳለቀልቅ ከጣሪያው ጀምሬ ወደ ታች እወርዳለሁ። እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ስቆም መኪናዬ እንደ መስተዋት ታበራ ነበር። አንዳንድ ወንድሞች፥ “ፓስተር፥ አዲስ ገዙ እንዴ?” እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

በዚህ አገር በክረምት በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ንጹሕ ውኃ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል፤ ጨው የገባበት ውኃ ግን ብርዱ ከዚያ በታች ካልወረደ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ጨው ሕይወት ያድናል፤ መኪና ተንሸራትቶ ገደል እንዳይገባ፥ ሰው ወድቆ እንዳይሰበር ይረዳል። ነገር ግን ያው ጨው ጎማ እየረጨው ከመኪናው ሥር ይለጠፋል። እርጥበት ሲያገኝ ብረቱን ፈጥኖ ያዝገዋል። ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ዝገቱ የሚበረታው ብርዱ ካለፈ በኋላ፥ አየሩ መሞቅ ሲጀምር መሆኑ ነው። አደጋው አለፈ ብለን በምንዘናጋበት ወራት ጨው ሥራውን ይሠራል።

ይህን የተማርሁት ባለፈው መጋቢት ነው። አንድ እሑድ ከአገልግሎት በኋላ ሁለት የሰንበት ትምህርት ልጆችን ወደ ቤታቸው እየወሰድሁ ነበር። ቁልቁለት ላይ ወዳለ የትራፊክ መብራት ስደርስ ፍሬን ረገጥሁ። ፔዳሉ ከወትሮው እጅግ ዝቅ ብሎ ገባ፤ ቀይ መብራትም በራ። መኪናው ቆመ፤ የቆመው ግን ካሰብሁት ቦታ አልፎ፥ መስቀለኛው መንገድ አፋፍ ላይ ነበር። ልጆቹ ምንም አላወቁም፤ ከኋላ እየተሳሳቁ ነበር። እኔ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ፥ “ጌታ ሆይ” ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ።

በማግሥቱ መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ የአገራችን ልጅ ነው። በሊፍት ወደ ላይ አነሣትና፥ “ፓስተር፥ እዚህ ጋ ይምጡ” አለኝ። ከገዛ መኪናዬ ሥር ቆሜ ቀና ብዬ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ቡናማ ቅርፊት የሻንሲውን ብረት ሸፍኖታል። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቀጭን የብረት ቱቦ በልቶት በልቶት ተበስቷል። ልጁ በጣቱ ሲነካው ዝገቱ እንደ ደረቅ ቅጠል ረገፈ። ከዚያም በትሕትና፥ “ላዩ እኮ አዲስ ነው የሚመስለው። ሥሩን አጥበውት አያውቁም እንዴ?” አለኝ።

የቱቦውን ዋጋ ከፈልሁ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ወደ ቤት ገባ።

ማታ ነገሩን ለባለቤቴ አጫወትኋት። ጥቂት ዝም አለችና አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ “እናቱ ሲሞቱ ለቅሶ አልደረስክም።” የማንን እናት እንደምትል መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ያ ወንድም ከሠላሳ ዓመት በፊት በሥነ መለኮት ኮሌጅ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነበር። አንድ ብርድ ልብስ የተካፈልንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። እዚህ አገርም ተከታትለን መጣን፤ ቤተ ክርስቲያኒቱን በአንድ ቤተሰብ ምድር ቤት ውስጥ አብረን ጀመርን። ከሦስት ዓመት በፊት ግን በአሠራርና በገንዘብ አያያዝ ላይ አልተግባባንም። ቃላት ተወራወርን። በመጨረሻም እርሱ ጥቂት ቤተሰቦችን ይዞ ወጣ። ሽማግሌዎች ሲመክሩን፥ “ለጊዜው ተራርቀን ልባችን ይብረድ” ተባባልን። ያ ምክር ጥሩ ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። መንገዱ ሲንሸራተት ጨው መበተን ነበረበት፤ ቀርበን ብንቆይ ኖሮ የባሰ እንሰባበር ነበር።

ችግሩ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጨውን አለማጠቤ ነው። ልባችን ቢበርድም ርቀቱ ቀረ። በተለያየን በስምንተኛው ወር እናቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። እኒያ እናት ተማሪ ሳለን እሑድ እሑድ ምሳ ያበሉኝ ነበር። መርዶውን ሰማሁ። ሰዎች ወደ ቤቱ ሲሄዱ እኔ፥ “ብሄድ ሐዘኑን እረብሸዋለሁ፤ ሕዝቡም ይተያያል” ብዬ ሦስት መስመር የጽሑፍ መልእክት ላክሁለት። ይህን ጥበብ አልሁት። እውነቱን ለመናገር ግን ኩራት ነበር። አበሻ ተጣልቶም ለቅሶ ይደርሳል። እኔ ወንጌል የምሰብክ ሰው ጎረቤት ለጎረቤቱ የሚያደርገውን ለወንድሜ ከለከልሁት።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ላዩን አጥባለሁ። ከመድረክ፥ “ይቅር ብዬዋለሁ” ብያለሁ። ስለ እርሱ ክፉ አልናገርም፤ ስሙ ሲነሣ እባርከዋለሁ። ጳውሎስና በርናባስ ተከራክረው መለያየታቸውን (ሐዋርያት ሥራ 15፥36–41) እየጠቀስሁ አገልግሎት በዚህ መልኩም እንደሚቀጥል አስተምሬአለሁ። ጳውሎስ በእስር ሳለ፥ ለዚያ ጠብ ምክንያት የነበረው ማርቆስ እንዲመጣለት መጠየቁን (2 ጢሞቴዎስ 4፥11) ግን አልሰበክሁም። ለእኔ የሚመቸኝን ግማሽ ብቻ ነበር የማነበው። ልጆቻችን ደግሞ፥ አብረው ያደጉት፥ የልደት ቀን ሲደርስ የማይጠራሩ ሆነው ቀሩ። የእኔ ዝገት ከኋላዬ የተቀመጡትን ልጆች ይዞ ቁልቁለት ላይ ነበር።

የተወደዳችሁ፥ ጌታችን ፈሪሳውያንን የጽዋውን ውጭ እያጠሩ ውስጡን በመተዋቸው እንደ ገሠጻቸው እናውቃለን (ማቴዎስ 23፥25–26)። ያን ክፍል ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው አድርጌ አነበው ነበር። ዳዊት ግን ስሕተቱን ማን ያስተውላል ብሎ ይጠይቃል፤ ከተሰወረው እንዲያነጻው ይለምናል (መዝሙር 19፥12)። ሰው የገዛ መኪናውን ሥር ቆሞ ማየት አይችልም። ወይ ሌላ ሰው ማንሣት አለበት፥ ወይ ራሱ መንበርከክ አለበት። ለእኔ ያነሣችኝ ባለቤቴ ናት። ጥቂት ቃል ተናገረች፤ ቅርፊቱ ግን ረገፈ።

በዚያ ሌሊት ዮሐንስ 13ን ደግሜ አነበብሁ። ጴጥሮስ እግሩን መታጠብ እንቢ ማለቱ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። አሁን ሌላም ነገር አየሁበት። መታጠብ ከማጠብ ይከብዳል። ማጠብን እኛ አገልጋዮች ተምረነዋል፤ ምክር እንሰጣለን፥ እንጸልያለን፥ እንገሥጻለን። እግራችንን ዘርግተን ቆሻሻችንን ማሳየት ግን ያስፈራናል። ለዚህ ይሆናል ብቻዬን የማጥብበትን ቦታ የወደድሁት። ጌታ ግን ጴጥሮስን ካላጠበው ከእርሱ ጋር ዕድል እንደሌለው ነገረው። ወደ እግር ለመድረስም መጀመሪያ እርሱ ራሱ ዝቅ አለ።

ከሦስት ቀን በኋላ ረቡዕ ማታ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድሁ። አስቀድሜ ብደውል ምክንያት እንዳላገኝ ፈራሁና ሳልደውል ሄድሁ። በሩን ራሱ ከፈተ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። “ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት” አልሁት። ሁለት ዓመት ያለፈው ለቅሶ ነው። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ከበሩ ዞር ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ።

ባለቤቱ ቡና አፈላች። መጀመሪያ ስለ እናቱ አወራን፤ ስለ ሽሮአቸው፥ ስለ ጸሎታቸው፥ እኔን “የእኔ ቀጭን” ስለሚሉት። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ እርሱ፥ “ያን ቀን በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንተ ነህ ብዬ ቀና እል ነበር” አለኝ። ይህን ቃል እስክሞት አልረሳውም። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ይቅር አለኝ። እርሱም የራሱን ተናገረ። ሁለቱ አጥቢያዎች አልተዋሐዱም፤ ስለ ገንዘቡ አሠራር ዛሬም በአንድ ሐሳብ አይደለንም። ነገር ግን በወር አንድ ጊዜ ተገናኝተን እንጸልያለን። ልጆቹም እንደገና ይጠራራሉ።

ጌታን ገና ለማወቅ የምትፈልግ ወዳጄ፥ ይህን የመጋቢ ጉድ ለምን እንደምነግርህ ትገረም ይሆናል። ክርስቲያኖች ንጹሕ መስለው የሚታዩ ሰዎች ስብስብ እንደሆኑ እንዳታስብ ብዬ ነው። እኛ መታጠብ የሚያስፈልገን ሰዎች ነን። በማጠቢያው ቦታ ሳንቲምህ ሲያልቅ ውኃው ይቆማል፤ ሳሙናው በላይህ እንዳለ ልትቀር ትችላለህ። የኢየሱስ ክርስቶስ ደም ግን በሰዓት አይቆጠርም፤ ዋጋውንም እርሱ ከፍሎታል። ሐዋርያው ዮሐንስ በብርሃን ብንመላለስ እርስ በርሳችን ኅብረት እንዳለንና የልጁ ደም ከኃጢአት ሁሉ እንደሚያነጻን ጽፎልናል (1 ዮሐንስ 1፥7)። ኅብረቱና መንጻቱ በአንድ ቁጥር ውስጥ አብረው የተቀመጡት በከንቱ አይደለም።

ዛሬም ቅዳሜ ኳርተሬን ይዤ እሄዳለሁ። አሁን ግን ከሥር እጀምራለሁ። አሮጌ ካርቶን መሬት ላይ አንጥፌ እንበረከክና መርጫውን ከጎማዎቹ በላይና ከሻንሲው ሥር አስገባለሁ። የሚወርደው ውኃ ቡናማ ነው። ሱሪዬ ይረጥባል፤ ጉልበቴም በዚህ ዕድሜ ያጉረመርማል። ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ጣሪያው ሳይታጠብ ያልቅብኛል። እሑድ መኪናዬ እንደ ድሮው አታበራም። ፍሬኗ ግን ይይዛል።

በዚህ ሳምንት ራሳችሁን ጠይቁ። ለጊዜው ብላችሁ የራቃችሁት፥ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ያልተመለሳችሁበት ሰው ማን ነው? ሳትደርሱ የቀራችሁት የማን ለቅሶ ነው? መባችሁን በመሠዊያው ፊት ትታችሁ ሂዱ፤ ዘግይቶ መድረስ ከመቅረት ይሻላል።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፥ ሰው የማያየውን አንተ ታያለህ። ላያችንን ስናሳምር ሥራችን እንዳይበላ አድነን። የሚያነሣንን ሰው ስትልክልን እንዳንቆጣው ትሑት ልብ ስጠን። ወደ ወንድማችን በር የሚያደርስ ጉልበት ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።