ጎበዝ ልጅም ይደክመዋል

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት የጎበዞቹን ልጆች ጉዳይ ነው። ስለ ሰነፍ ተማሪ በየወላጅ ስብሰባው ብዙ ተብሏል፣ ወደፊትም ይባላል። አንደኛ የሚወጡት፣ ጎረቤት «ይቺ እኮ ዶክተር ናት» የሚላቸው፣ እናታቸው ብሎክ ውስጥ ቀና ብላ እንድትሄድ የሚያደርጓት ልጆች ግን ምንም አይጎድላቸውም ብለን ስለምናስብ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። እኔም ማሰልጠኛ ሳለሁ ስለ ዘገምተኛ ተማሪ አያያዝ በሰፊው ተምሬአለሁ፤ ስለ ፈጣኑ ተማሪ ግን ይህ ነው የሚባል ትምህርት አልተሰጠንም።

እዚህ ካኩማ ሳስተምር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሦስት አራት ዓመት በተከታታይ ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ፣ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ እጁን ማውጣት ያቆማል። የቤት ሥራው ባዶ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ መልሶ ይጽፋል፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ያጠፋል። ከሃያ አሥራ ስምንት አግኝታ የምታለቅስ ልጅ አውቃለሁ። በፈተና ቀን ጠዋት ሆዷን የሚቆርጣት፣ ራሷን የሚያማት አለች፤ ክሊኒክ ትሄዳለች፣ ወባም ታይፎይድም የለባትም ይባላል። ቤት ውስጥ ደግሞ ያቺ ጨዋ ልጅ በትንሽ በትልቁ መቆጣት ትጀምራለች።

ያኔ ወላጅ የሚሰጠው ምክንያት ይታወቃል። ዓይን ገባበት፣ ጓደኛ አበላሸው፣ ወይም ጠገበ። ጸበሉንም፣ ጸሎቱንም፣ ዱዓውንም አልቃወምም፤ ቢያንስ ልጁ እዚያ ቁጭ ብሎ ያርፋል። ነገር ግን እኔ እንዳየሁት አብዛኞቹን የሚያስቸግራቸው ድካም ነው። አንድ ሌሊት ተኝተው የሚነሱበት ዓይነት ድካም ሳይሆን ውስጥን የሚያዝል ድካም። ፈረንጆቹ «በርንአውት» ይሉታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በበሽታዎች መዝገቡ ላይ ሲያብራራው፣ ከሥራ ጫና የሚመጣ ነገር እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም ብሏል። ልጅ ደግሞ ምን ሥራ አለው ትሉኝ ይሆናል።

እስቲ እንቁጠረው። በጠዋት ቧንቧ ላይ ይሰለፋል። ከመቶ በላይ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ይውላል፤ መምህሩ ሌሎቹን መድረስ ሲያቅተው «አንተ አስረዳቸው» ይለዋል። ከትምህርት ሲመለስ የጎረቤት ልጆች ደብተር ይዘው ይጠብቁታል። ስልክ ላይ የገባውን የራሽን መልእክት ያነባል፤ በ2025 ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ ደግሞ መልእክቱን ማንበብ ብቻ ሳይሆን ለምን እንዳነሰም ለእናቱ ማስረዳት አለበት። አያቱን ክሊኒክ ወስዶ በስዋሂሊ ያስተረጉማል። ፎርም ይሞላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ጥናት የሚጀምረው።

ከሁሉም የሚከብደው ማንበቡ ነው። ጉልበት ስለሚፈጅ አይደለም። እንግሊዝኛ በሚያነብ አንድ ልጅ የሚተዳደር ቤት ውስጥ ክፉ ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰው ለዚያ ልጅ ነው።

የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪዬ ነበረች። አንድ ቀን አባቷ ከአንድ ቢሮ የመጣ ደብዳቤ ይዘው መጥተው ከክፍል አስጠሯት። ዛፍ ሥር ቆመው አነበበችላቸው፣ ተመልሳ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ሌላ ሰው ሆነች። ድርሰት ጻፊ ስላት ርዕሱን ብቻ ጽፋ ትቀመጣለች። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ከቆየች በኋላ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ጠብቄ «ምን ሆነሻል?» አልኳት። መጀመሪያ ምንም አለች። ቆይታ ግን «ቲቸር፣ ደብዳቤው እኮ አልተቀበልናችሁም ነው የሚለው። እኔ ለአባዬ ገና እየታየ ነው አልኩት» አለችኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አባቷ ማታ ማታ ስለሚሄዱበት አገር ሲያወሩ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር።

እሷው ራሷ ከተስማማች በኋላ አባቷን ጠርተን፣ ደብዳቤውን በዕድሜ ትልቅ የሆነ ሰው አነበበላቸው። ልጅቷን አልተቆጧትም። ብዙ ዝም ብለው ቆይተው «ጎበዝ ስለሆነች ነው እኮ ያስነበብኳት። ታዲያ ማን ያንብብልኝ?» አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ልጅቷ በዚያ ተርም ስድስተኛ ወጣች። ስድስተኛ! የብሎኩ ሰው ሁሉ አዘነላት። እኔ ግን ድርሰቷን ጽፋ ጨርሳ ነበርና ደስ አለኝ።

ሌላው ጫና የፈተናው ነው። በሩ ጠባብ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የጀርመን መንግሥት ከ1992 ጀምሮ የሚደግፈው ዳፊ አለ፤ ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ ተማሪዎችን ወደ ካናዳ የሚወስደው ውስክ አለ። ከአመልካቹ ብዛት አንጻር ቦታው ጥቂት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት በ2030 ከስደተኛ ወጣቶች 15 በመቶው ከፍተኛ ትምህርት እንዲደርሱ ግብ ይዟል፤ በ2023 የተደረሰበት 7 በመቶ አካባቢ ነበር። ይህን ቁጥር ልጆቻችን ከእኛ በላይ ያውቁታል። «ካልተማርክ ከዚህ አቧራ አትወጣም» ብለን በየማታው ማስታወስ አያስፈልገንም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከአምስት መቶ የሚታረመው የድሮው የስምንተኛ ክፍል ፈተና በ2023 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀርቷል። አሁን በስድስተኛ ክፍል ምዘና አለ፣ በዘጠነኛም አለ፤ የዘጠነኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2025 ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ከሦስት መስመሮች በአንዱ ይቀጥላል፦ በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ፣ ወይም በኪነ ጥበብና ስፖርት። ወላጁ ግን ዛሬም «ከአምስት መቶ ስንት አመጣህ?» ይላል። አሜሪካ ያለው አጎት ደውሎ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው ደረጃውን ነው። አጎቱ ክፉ አስቦ አይደለም፤ በሁለት ሥራ መካከል ሰርቆ ነው የሚደውለው፣ ገንዘብም ይልካል። ልጁ ግን ስልኩ በጠራ ቁጥር ይደነግጣል። እስቲ በሚቀጥለው ጊዜ ሲደወል ስለ ኳሱ ይጠየቅ። ሥዕል የሚወደውም ልጅ ሥዕሉን እንደ ሥራ ፈትነት አንቁጠርበት።

ስለ ምስጋናም ትንሽ ልበል። በ1998 ሙለርና ድዌክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ፈትነው ነበር። ከመጀመሪያው ጥያቄ በኋላ ገሚሶቹን «ጭንቅላታም ናችሁ» አሏቸው፤ ሌሎቹን «ጥሩ ደክማችኋል» አሏቸው። ከዚያ ከባድ ጥያቄ ሰጥተው ጣሏቸው። ጭንቅላታም የተባሉት ከውድቀቱ በኋላ ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፣ ቀጥሎ የመጣውን ቀላሉን ጥያቄ እንኳ ከበፊቱ አሳንሰው ሠሩ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጭንቅላታም የተባለ ልጅ አንድ ጥያቄ ሲያቅተው ስሙን የተቀማ ይመስለዋል። እኛ ቤት «ጎበዝ» የምንለው ቃል ሁለቱንም ስለሚይዝ ልንጠቀምበት እንችላለን፤ ግን ምን ስለሠራ ጎበዝ እንደተባለ ጨምረን እንንገረው። ሳይገባው ቀርቶ መምህሩን መልሶ የጠየቀ ልጅ ጎበዝ ይባል።

እንቅልፍን በተመለከተ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 ያወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ላለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይላል። በዚህ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ቤት፣ ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል እያደርን ይህን መሙላት ቀላል አይደለም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መብራቱን ማጥፋት እንችላለን። ሌሊት እያዛጋ የሚያነበው ገጽ ጠዋት ከጭንቅላቱ ውስጥ የለም። የጎረቤት ልጆችን ማስጠናቱም በሳምንት ሁለት ቀን ይብቃው፤ ጎረቤት ቢቀየም ለኔ አሳቡ። ከትምህርት ሰዓት ለማስተርጎም ማስወጣትም ይቅር። ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ልጃችሁን ይዛችሁ መሄድ የለባችሁም።

እረፍት ተሰጥቶት የማይመለስም አለ። ምግብ ከተወ፣ ከሰው ከራቀ፣ ከሁሉም በላይ «ባልኖር ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ እንደ ቀልድ አትለፉት፣ አትቆጡትም። ብቻውን አትተዉት፤ በዚያኑ ቀን ክሊኒክ ወስዳችሁ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ወይም አማካሪ እንዲያየው ጠይቁ።

አሁን ወደ እኒያ አባት ጥያቄ። እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ደህና አድርገው የሚያነቡ ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ለኮሚኒቲው ደብዳቤና ፎርም ለማንበብ ተስማምተዋል። ያነበቡትን ለሌላ ላለመናገር በሽማግሌዎች ፊት ቃል ገብተዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በኮሚኒቲው አዳራሽ ይገኛሉ። ክፍያ የለም። ደብዳቤውን ይዛችሁ ስትመጡ ልጆቹን ሜዳ ላይ ተዉአቸው።