አጥንት ላይ የበቀለች

ሞንተሬይ የሄድኩት ነፋስ ልቀበል ነበር። ልቤን ያስቀረው ግን አንድ አጥንት ነው።

ከከተማዋ ወደ ሰሜን ሞስ ላንዲንግ የምትባል ትንሽ የካሊፎርኒያ ወደብ አለች። የባሕሩ ወለል ከዳርቻዋ ብዙ ሳይርቅ ሸለቆ ሆኖ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች፣ ዛጎል ለባሽ እንስሳት በሮቦት ሲፈልጉ፣ ሸለቆው ውስጥ 2,891 ሜትር ጥልቀት ላይ የዓሣ ነባሪ ሬሳ ገጠማቸው። አጥንቱን ቀይ ነገር ለምለም ሣር መስሎ አልብሶታል።

ያን ቀይ ነገር እኔ ያየሁት አኳሪየም ውስጥ፣ ከመስታወት ጀርባ ነው። ግንባሬን አስደግፌ ብዙ ቆየሁ። ከነጣው አጥንት ላይ አንዲት ቀይ ላባ ቀስ ብላ ተዘረጋች። እንዴት ታምራለች!

ኦሴዳክስ ይሏታል፤ አጥንት በሊታ ማለት ነው። ትል ናት፤ አፍም ሆድም የላትም። እንደ ተክል ሥሯን ሰድዳ አጥንቱን በአሲድ ትሰረስራለች፤ ሥሯ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ይመግቧታል። ወንዶቹ ደቃቅ ናቸው፤ ብዙ ሆነው እሷው ቱቦ ውስጥ ይኖራሉ።

አገር ቤት በሬ ሲሞት ጅብና ጥንብ አንሳ ወዲያው ይጨርሱታል። እዚያ ታች ግን ድግሱ ለዓመታት ይዘልቃል፤ አንዱ በልቶ ሲነሣ ለሌላው ማዕድ ያሰናዳል። ሻርኮችና እባብ መሳይ ዓሦች ሥጋውን ሲቦጫጭቁ ፍርፋሪው ጭቃው ላይ ይወርዳል፤ በዚያ ትላትሎች ይረባሉ። አጥንቱ ውስጥ የቀረውን ቅባት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። ለብዙ እንስሳት መርዝ ነው፤ አንዳንድ ዛጎል ለባሾች ግን በዚያ ጋዝ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን በሰውነታቸው አስጠግተው ይኖሩበታል። ኦሴዳክስ የቦረቦረችውም ቀዳዳ ለደቃቃን መጠለያ ይሆናል። ቤት እየከፈተች ቤቱን ታፈርሳለች፤ አጥንቱ ሲያልቅ ልጆቿ በውሃ ተንሳፍፈው ሌላ ሬሳ ማግኘት አለባቸው።

ያሳሰበኝም ይኸው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን 3 ሚሊዮን ያህል ዓሣ ነባሪዎች ታድነዋል። ሥጋና ቅባታቸው በመርከብ ተጫነ፤ ታች ለሚጠብቀው መንደር ሳይደርስ ቀረ።

አመሻሽ ላይ ሞስ ላንዲንግ ዳርቻ ቆምኩ። ከሩቅ አንድ ዓሣ ነባሪ እንፋሎቱን ሽቅብ ተፋ፤ አጠገቤ የነበሩት በደስታ ጮኹ። እኔ ጀርባው የሰመጠበትን ውሃ፣ ወደ ታች ወደ ታች አየሁ።