ጠጋኝ የማያጣ ዕቃ

በኛ ልጅነት አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የቤት ዕቃ የሚገዛው ሙሽራ ብቻ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩ። የቀረው ሰው ቤቱን የሚያደራጀው ሌላ ቤት ኖሮ በመጣ ዕቃ ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ቁም ሳጥኑን ይሸጣል፤ መሥሪያ ቤት ያረጁ ወንበሮቹን በጨረታ ያስወግዳል፤ ወደ ክፍለ ሀገር የተዛወረ ሠራተኛ ጠረጴዛውን ለጎረቤት በርካሽ ጥሎ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ ያመለጠው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል። እግር የሌለው ወንበር፣ መቀመጫ የሌለው እግር፣ መስታወቱ የወለቀ ቡፌ፣ መሳቢያው የጠፋ ኮመዲኖ እርስ በርሱ ተደራርቦ ገዢውን ይጠብቃል።

እናቴ ምናለሽ ተራ ስትወርድ ዕቃ የምትመርጥበት የራሷ ሥርዓት ነበራት። መልኩን አታየውም። መጀመሪያ ትገለብጠዋለች፤ ነቀዝ የገባበት እንደሆነ ደቃቅ ዱቄት ይራገፋል። ቀጥላ ቀለም ያልነካውን የጀርባውን እንጨት ትመረምራለች፤ ዋንዛ መሆኑን ካረጋገጠች ሌላው ነገር ሁሉ ይስተካከላል ባይ ነች። በመጨረሻ ጫፍና ጫፉን ይዛ ታወዛውዘዋለች። ከተንገዳገደ ደስ ይላታል፤ ዋጋ ማስቀነሻ ነውና። «አይ፣ ይኼማ አልቆለታል» ትላለች ለሻጩ፣ እንዳላለቀለት ልቧ እያወቀ።

የተገዛው ዕቃ ቤት ሲደርስ በቀጥታ ወደ ውስጥ አይገባም። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ይቆምና በየመጋጠሚያው የፈላ ውሃ ይደፋበታል። ትኋን ይዞ የገባ ወንበር የሚያመጣውን ጣጣ የቀመሰ ያውቀዋል። የፈላው ውሃ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ የጥንቱን ኮላ ያላላዋል። የሰፈራችን አናጢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ መጋዛቸውንና መሮአቸውን በጆንያ ይዘው ሲመጡ ወንበሩ ሳይሰበር ለመፈታታት ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል።

ያኔ ኮላ የሚባለው ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የደረቀ፣ ቡናማ ስብርባሪ ነገር ነበር። ጋሼ ማታውን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ጠዋት ጣሳውን ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ አስቀምጠው ከሰል ላይ ይጥዱታል፤ ኮላው ከፈላ ኃይሉን ያጣልና እሳቱ ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ሽታው አይጣል ነው፤ እናቴ ሰበብ ፈልጋ ወደ ጎረቤት የምትሄደው ያን ጊዜ ነው። አሮጌው ኮላ በመሮ ተፍቆ ከወጣ በኋላ አዲሱ በትኩሱ ይቀባል፤ እግሩ ወደ ቀዳዳው ይመለሳል። ማሰሪያ ብረት ስለሌላቸው ወንበሩን በገመድ ይጠፍሩትና በገመዱ መሐል ዱላ ሰክተው እያጠማዘዙ ያጠብቁታል። እስከ ማግስቱ የሚነካው የለም። «ልጆች፣ የተቀመጠበት ሰው ከኔ ጋር ነው ጠቡ» ይላሉ ሲወጡ።

የእኛ የልጆቹ ድርሻ ብርጭቆ ወረቀቱ ነበር። ጋሼ የእንጨቱን ጅማት በጣታቸው ያሳዩናል፤ ጅማቱን ተከትሎ መፈግፈግ ነው፣ አቋርጦ የፈገፈገ እጁን ይመታል። ከሻካራው ወደ ለስላሳው እያልን፣ ክንዳችን እስኪዝል ስንፈገፍግ የወረደው ብናኝ አይጣልም። ከኮላ ጋር ተለውሶ የሚስማር ቀዳዳ ይደፈንበታል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጎማላካ ነው። ይህ በህንድ አገር ዛፍ ላይ የሚኖሩ ነፍሳት የሚተፉት ሙጫ፣ በቀጭን ቅርፊት መልክ ተሸጦ ስፕሪት ውስጥ ሲያድር ሟሙቶ የሻይ ቀለም ይይዛል። ጋሼ ጥጥ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ይነክሩና ክብ ክብ እየሠሩ፣ እጃቸው ሳይቆም፣ እየደራረቡ ያሹታል። እጅ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ጨርቁ ይጣበቅና ያበላሸዋል። ትናንት ግራጫ የነበረው ዋንዛ ዛሬ ቀይ ዳማ ሆኖ ፊት ሲያሳይ፣ እናቴ የሻጩን ስም አንስታ ትስቃለች። ጎማላካ ትኩስ ነገር አይችልም፤ የቡና ጀበና ያለ ምንጣፍ ያረፈበት ቦታ ነጭ ክብ ያወጣል። መድኃኒቱም እዚያው ነው፤ ስፕሪት የነካካ ጨርቅ ቀለል አድርጎ ሲያልፍበት የቀድሞው ቅብ ራሱ ቀልጦ ይጋጠማል።

ቤቱም ቢሆን ከዕቃው አይለይም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ቀነሰ፣ ጥገናው ግን ለተከራዩ ቀረ። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ ጣሪያ ይታያል። በጠራራ ፀሐይ በርና መስኮት ይዘጋና ጨለማው ውስጥ ሆነን ቆርቆሮው ላይ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ እንፈልጋለን። ከውስጥ ያለው ሰው በቀዳዳው ስንጥር ያሾልካል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ስንጥሩን አይቶ ሬንጅ የነከረ ጨርቅ ይለጥፍበታል። የተነቀለው ሚስማር በድንጋይ ላይ ተቀጥቅጦ ይቃናና የኒዶ ጣሳ ውስጥ ይገባል። የተቦረቦረ ግድግዳ ጭድ በገባበት፣ ቀናት ሙሉ ተረግጦ በቦካ ጭቃ ይመረጋል። የአቡጀዴው ኮርኒስ ወርዶ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይወጠራል፤ ጳጉሜን ላይ ኖራ ይቀባል፤ እንቁጣጣሽ አሮጌው ቤት ውስጥ በአዲስ ሽታ ይገባል።

ይህን ሁሉ ያስተማረን ማጣት ነው። እናቴ ገንዘብ ቢኖራት ኖሮ ከፒያሳ አዲስ ሶፋ አስጭና በመጣች፤ ደጋግማም ተናግራዋለች። ቢሆንም ያ ዘመን አንድ ነገር ነበረው። ዕቃውን የሠራው ሰው ከሱ በኋላ ሌላ ጠጋኝ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ኮላው በሙቀት ይለቃል፣ ቅቡ በስፕሪት ይሟሟል፣ መጋጠሚያው ሲመታ ይወጣል። የዛሬው ቁም ሳጥን ይህን አይፈቅድም። ውስጡ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ፣ ላዩ የእንጨት ሥዕል የታተመበት ወረቀት ነው። ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ያበጠው አይመለስም፤ ብሎኑ አንዴ ከላላ ዳግም የሚነክሰው ሥጋ የለም። ሲበላሽ ጋሼን ብንጠራቸው እንኳ የሚይዙት ነገር አያገኙም።

ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ብዙው ሰው ኑሮው ተሻሽሎለታል፤ ጣሪያ ማፍሰስና ጭቃ ማቡካት ቀርቶለታል። የአያት ቡፌ ግን ጠባቡን ደረጃ ዞሮ አራተኛ ፎቅ አልወጣም። ስንቱ ከደረጃው ሥር ተሸጦ ቀረ። ሰፈሩ ሲበተን አናጢውና ደንበኛውም ተለያዩ፤ የማንን ወንበር ማን እንደጠገነው የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው።

አዲስ የገዛውን አልወቅስም፤ እኔም ቤት አለ። ይሁን እንጂ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል የተፈጥሮ ደን መቁረጥ ከልክሏል። ያ እንደ ልብ የነበረ እንጨት ዛሬ ብዙው ያለው በየእናቶቻችን ሳሎን፣ ከዳንቴሉ ሥር ነው። ከማውጣታችን በፊት ግልብጥ አድርገን ጀርባውን እንየው። ዱቄት ካልተራገፈ፣ መንገዳገዱ አንድ ጠዋት የማይፈጅ ሥራ ነው። ቆራሌው በራችን ላይ ሲጣራ የሚከፍለን የችኮላችንን ዋጋ ነው፤ ዋንዛውን በነፃ ነው የሚወስደው።