ቡሬ ድረስ የሚሄደው ክኒን



ከመቱ አልፎ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያደግን የቡሬ ልጆች ስለ አንድ ክኒን እናውራችሁ። ኢማቲኒብ ይባላል፤ ሲኤምኤል የሚሉትን የደም ካንሰር ያክማል። በዚህ ሕመም 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ይለዋወጡና የማይጠፋ ማብሪያ ይፈጠራል፤ ሴሉም ያለማቋረጥ ይባዛል። ክኒኑ በዋናነት ያንን ማብሪያ ነው የሚይዘው። ምህንድስና ለምንማር ደስ የሚል ነገር ነው! አሜሪካ በ2001 እ.ኤ.አ. ከፈቀደችው ወዲህ ብዙዎች ክኒኑን በየቀኑ እየዋጡ ለዓመታት ይኖራሉ።

እኛም አገር በማክስ ፋውንዴሽን በኩል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዓመታት በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል። መንገዱ ግን ነፃ አይደለም፤ ከቡሬ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት ለመሳፈሪያ ፍየል ሸጠዋል። ዓይናቸው ሥር ያብጣል፣ ሌሊት እግራቸውን ይሸመቅቃቸዋል። ከዚያ ደግሞ “አሁንማ ድነሻል፣ ጥቁር አዝሙድና ዱዓ ይበቃሻል” የሚሏቸው አልጠፉም። ደህና የሆኑት እኮ ክኒኑን ስለሚውጡ ነው! በራሳቸው ቢያቆሙት ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ሰበብ ማድረስ ተወኩልን እንደማያፈርስ መድረሳ ሳለን ተምረናል፤ ዱዓውም ክኒኑም አብረው ይሄዳሉ።

ክኒኑ በቀን አንዴ ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር የሚወሰድ በመሆኑ፣ ለረመዳን ሐኪማቸውን አማክረው ሰዓቱን ወደ ኢፍጧር አዙረውላቸዋል። ሳይጠይቁ የሚያቋርጡ ግን አሉ፤ ዘመድ ያላችሁ ከወዲሁ ንገሯቸው።

ለሚቀጥለው ቀጠሯቸው መናኸሪያ ሄደን እንቀበላቸዋለን። ሁለት ሌሊት የምታሳድራቸው እህት ካለች ለጀመዓው ታሳውቅ።