የብስክሌት ገበያ ጓዳ፦ ከታይቹንግ የጉዞ ማስታወሻ

በጥቅምት አካባቢ ታይቹንግ ውስጥ ደህና ሆቴል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የዓለም የብስክሌት ኩባንያዎች የግዢና የምርት ሰዎች ለዓመታዊ ቀጠሯቸው ወደዚህች የታይዋን ከተማ የሚጎርፉት በዚህ ሰሞን ነው። ለሕዝብ የተከፈተ ባዛር እንዳይመስላችሁ፤ ያልተጠራ አይገባም። የፍሬን፣ የኮርቻና የፔዳል አምራቾች የሆቴል ክፍሎችን ተከራይተው ናሙናቸውን ይዘረጋሉ። ገዢው ከጀርመን ወይም ከካሊፎርኒያ መጥቶ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል። እኔ ጥሪ ስላልነበረኝ ሎቢው ውስጥ ሻይ አዝዤ ተቀመጥኩ። ፎቅ ላይ ያልተቋጨ ወሬ ሁሉ ወደ ሎቢ ስለሚወርድ ብዙም አልተጎዳሁም።

ከፊቴ አንድ ሻጭ በጋዜጣ የተጠቀለለ ፔዳል ከቦርሳው አወጣ። ገዢው በአውራ ጣቱ አሽከረከረው፤ ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠው፤ ከዚያ ከኪሱ ትንሽ የእጅ ሚዛን አውጥቶ መዘነው። ክርክራቸው ስለ ዋጋ አልነበረም፣ ስለ ግራም እንጂ። ጥቂት ቆይቶ ያው ሻጭ ያንኑ ፔዳል ለሌላ ኩባንያ ሰው ያሳይ ጀመር። ሁለቱ ገዢዎች ገበያ ላይ ባላንጣ ናቸው። በሩ ላይ ሲገናኙ ግን ትከሻ ተመታትተው ሳቁ።

ከከተማው በስተሰሜን ሆውሊ ላይ አሮጌ የባቡር ሐዲድ ተነቅሎ የብስክሌት መንገድ ተሠርቶበታል። በብረት ድልድይ ወንዙን ይሻገራል፣ ዋሻም ያቋርጣል። እዚያ ብስክሌት ተከራየሁ። ባህር ዳር ላደገ ሰው ብስክሌት ብርቅ አይደለም፤ ይህኛውን ግን ከመንዳቴ በፊት ቁጢጥ ብዬ የተጻፈበትን ሁሉ አነበብኩ። ፍሬሙ ጃያንት ይላል። ጎማው ኬንዳ፣ ፍሬኑ ቴክትሮ፣ ሰንሰለቱ ኬኤምሲ፣ ኮርቻው ሥር ደግሞ ቬሎ። ማርሹ የጃፓኑ ሺማኖ ነው። ከሺማኖ በቀር ሁሉም የታይዋን ኩባንያዎች ናቸው። ወደ ደቡብ ርቆ ታይናን ካለው ኬኤምሲ ውጭ ያሉትም ከቆምኩበት ብዙም አይርቁም፦ ቬሎ እዚያው ታይቹንግ ውስጥ በምትገኘው ዳጂያ፣ ቴክትሮና ኬንዳ በአጎራባቹ ቻንግሁዋ። የጃያንትን ተፎካካሪ ብስክሌት ብትገለብጡትም ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹን ታገኛላችሁ።

ስለ ሺማኖ ትንሽ ልበል። በ1921 በሳካይ ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ነው (ዘመኖቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1984 ማርሽ በተቀየረ ቁጥር «ቀጭ» ብሎ በቦታው የሚገባበትን አሠራር ለውድድር ብስክሌት አወጣ፤ ብስክሌተኛው ሁሉ ወደደው። ገበያውን የያዘው ግን በቴክኒክ ብቻ አይደለም። ማርሹን፣ ፍሬኑን፣ የማርሽ መቀየሪያውን ጠቅልሎ ለሚገዛ የብስክሌት አምራች 10 በመቶ ቅናሽ ይሰጥ ነበር። በ1987 ቺካጎ ላይ የተቋቋመው ስራም (SRAM) የተባለው ኩባንያ ያኔ የሚሸጠው በእጅ ተጠምዝዞ ማርሽ የሚቀይር አንድ ዕቃ ብቻ ነበር። ዕቃውን የወደደ አምራች እንኳ ለእሱ ሲል ከሌላው ሁሉ ላይ ቅናሹን ሊያጣ ነው። ስራም በ1990 ከሰሰ፤ በ1991 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ስራም ያደረገው ነገር ከክሱ የበለጠ ይነግረናል፦ በ1997 የጀርመኑን ሳክስ የብስክሌት ዘርፍ፣ በ2002 ደግሞ ሮክሾክስ የተባለውን ክፍል አምራች ገዝቶ እሱም ጠቅልሎ ሻጭ ሆነ።

ዳጂያ በታይዋን የምትታወቀው በባሕር አምላኳ በማዙ ቤተ መቅደስ ነው። በየጸደዩ ብዙ ሺህ ምእመናን ከዚያ ተነሥተው ለቀናት በእግር ይጓዛሉ። የብስክሌት ሰው ግን ዳጂያን የሚያውቃት በጃያንት ነው። መሥራቹ ኪንግ ሊዩ ቀድሞ ዓሣ ያረቡ ነበር፤ አውሎ ነፋስ እርባታውን ጠራርጎ ወሰደባቸው። በ1972 ብስክሌት መሥራት ጀመሩ፤ ለራሳቸው ስም ሳይሆን ለሌሎች ትእዛዝ።

የጃያንትን ታሪክ ያለ ሽዊን መናገር አይቻልም። ሽዊን ከ1895 ጀምሮ ቺካጎ ላይ የኖረ ስም ነው፤ ለብዙ አሜሪካዊ የልጅነት ብስክሌት ማለት እሱ ነበር። በ1977 ጃያንት የሽዊንን ትእዛዝ አገኘ። በ1980 የቺካጎ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ሽዊን ፊቱን ይበልጥ ወደ ታይዋን አዞረ፤ እውቀቱንም አብሮ አሻገረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሽዊን ብስክሌቶች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ጃያንት የሠራቸው ነበሩ። ለጃያንትም ሽዊን የሽያጩ ሦስት አራተኛ ነበር። አንዱ በሌላው ጉሮሮ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ታዲያ በ1987 ሽዊን ርካሽ ፍለጋ በቻይናዋ ሼንዠን ካለ ሌላ አምራች ጋር ተዋዋለ።

ጃያንት አላለቀሰም። በራሱ ስም መሸጥ ጀምሮ ነበር፣ አውሮፓም ገብቷል፤ አሁን አሜሪካ ገባ። የአሜሪካ ቅርንጫፉን የመሩት ቢል ኦስቲን የሽዊን የገበያ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው ናቸው። የሽዊንን ሻጮች፣ ዋጋና ድክመት ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ማን አለ? በ1992 ሽዊን ኪሳራ አወጀ። ብዙዎች «ሥራውን ወደ ውጭ በመላኩ ወደቀ» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ሥራውን ሁሉም ልኳል። ሽዊን የወደቀው ስሙን የያዘ ሰው ገበያውንም እንደያዘ ስለቆጠረ ነው፤ ዕቃውን ማን እንደሚሠራው ደንታ አልነበረውም።

ቻንግሁዋ ውስጥ ያለው ሜሪዳ የጃያንት እኩያ ነው፤ እሱም በ1972 ተመሠረተ። በ2001 ከአሜሪካው ስፔሻላይዝድ ድርሻ ገዛ። ስለዚህ ሜሪዳ ለስፔሻላይዝድ ብስክሌት ይሠራል፣ ከትርፉም ይካፈላል፣ በሌሎች አገሮች ደግሞ በራሱ ስም ከእሱው ጋር ይሻማል። ይህን ለአንድ የፋብሪካ መሐንዲስ ባነሣላቸው «ምን ይገርማል?» ብለው ዝም አሉ።

የሚገርመኝስ ሌላ ነው። በ1980ዎቹ በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ብስክሌት ትልክ የነበረችው ደሴት ፋብሪካዎቿ ወደ ቻይና ተሻግረው በ2003 ወደ 4 ሚሊዮን ገደማ ወረደች። ያን ዓመት ጃያንትና ሜሪዳ «ኤ ቲም» የሚባል ማኅበር አቋቁመው ክፍል አቅራቢዎቻቸውን አሰባሰቡ። የቶዮታን የአሠራር ዘዴ አብረው ተማሩ፤ አንዱ የሌላውን ፋብሪካ እየገባ አየ። በብዛት ከቻይና ጋር መፎካከር እንደማይችሉ አምነው ውድ ብስክሌት ላይ አተኮሩ፤ የአንድ ብስክሌት የወጪ ንግድ ዋጋም ከዓመት ዓመት ወጣ። ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቶ ማኅበሩ ፈረሰ። ባላንጣን ጓዳ ድረስ ማስገባት ድፍረት ይጠይቃል፤ ለእኛ ነጋዴ ብነግረው የሚያምነኝ አይመስለኝም።

ቻንግሁዋ ውስጥ የቸርኬ ክፍሎች የሚሠሩ አዛውንት ሻይ ጋብዘውኝ ስለ ኮቪድ ዘመን አጫወቱኝ። በ2020 መላው ዓለም ብስክሌት ፈለገ። ሺማኖ ያዘዙትን ለማግኘት ከዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ሆነ። ገዢዎች አንዱ ባይሰጥ ሌላው ይሰጣል በሚል ያንኑ ትእዛዝ ለሁለት ለሦስት አምራች ሰጡ፤ ስኳር ሲጠፋ አንድ ሰው በየሸማቾች ማኅበሩ ወረፋ እንደሚይዘው። አዛውንቱ ማሽን ጨመሩ። በ2022 መገባደጃ የታዘዘው ሁሉ በአንድ ጊዜ ደረሰ፤ ፈላጊው ግን ቤቱ ገብቷል። መጋዘኑ ሞላ፣ ትልልቆቹ ስሞች በግማሽ ዋጋ መሸጥ ያዙ፣ ትእዛዝ ተሰረዘ። «ማሽኑን መሰረዝ አይቻልም» አሉኝ፤ ጨርቅ የለበሱትን ሁለቱን በእጃቸው እያሳዩኝ።

እሑድ ከሰዓት ታይቹንግ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው የአሴያን አደባባይ ሄድኩ። የገበያ ሕንጻ ነው። በዕረፍት ቀን ከቬትናም፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከፊሊፒንስና ከታይላንድ የመጡ የፋብሪካ ሠራተኞች ይሞሉታል፤ ሲም ካርድ፣ የገንዘብ መላኪያ፣ የአገር ቤት ምግብ አለ። በዚያ ሰሞን መነጋገሪያው አንድ ነበር። የአሜሪካ ጉምሩክ በሴፕቴምበር 2025 ጃያንት ታይዋን ውስጥ የሠራቸው ብስክሌቶችና ክፍሎች አሜሪካ እንዳይገቡ አዟል። ምክንያቱ የግዳጅ ሥራ ምልክቶች አይቻለሁ የሚል ነው፦ የዕዳ እስር፣ የደመወዝ መያዝ፣ ከልክ ያለፈ ትርፍ ሰዓት። ኩባንያው እንደሚከራከር ገልጿል፤ ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ የአዲስ ሠራተኞችን የቅጥር ወጪ ራሱ እንደሚሸፍንም ተናግሯል።

ቤሩት ወይም ሪያድ ዘመድ ያለው ሐበሻ የነገሩን ሥር ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አገር ቤት ያለው ደላላ ይከፈለዋል፣ ለዚያ ብድር ይገባል፣ ብድሩ እስኪያልቅ ሥራ መቀየር የማይታሰብ ነው። ፎ የሚባለውን ሾርባ አብሬው የበላሁት ቬትናማዊ ወጣት ፍሬም ቀቢ ነው፤ የሚሠራው ለትልቁ ኩባንያ ሳይሆን ከሌሎች ሥራ ተቀብሎ ለሚሠራ ትንሽ ወርክሾፕ ነው። የማንን ብስክሌት እንደሚቀባ ጠየቅኩት። «ጠዋት የአንዱን፣ ከምሳ በኋላ የሌላውን» አለኝ። የደላላው ብድር ገና አላለቀም። ጃያንት ክፍያውን እንዳስቀረ ሰምቷል፤ የእሱ አሠሪ ግን ስለዚህ ጉዳይ እስካሁን ምንም አላነሣም፤ ወርክሾፑ ለማን እንደሚሠራ ሊያጣራ የመጣ ገዢም አይቶ አያውቅም።