ለቅሶ መድረስ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14፣ 2012 ማታ ዋሽንግተን ናሽናልስ ፓርክ ነበርኩ፣ ብሩስ ስፕሪንግስቲንን ላይ። ዘፈኑን ያስወደደኝ አጠገቤ የቆመው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አዲስ መጥቼ፣ እንግሊዝኛዬ ሳይፈታ፣ መኪናው ውስጥ እየከፈተ «ይሄ ሰውዬ ስለ እኔና ስለ አንተ ነው የሚዘፍነው» ይለኝ ነበር።

ሳክስፎን ተጫዋቹ ክላረንስ ክሌመንስ ባለፈው ዓመት አርፎ፣ በቦታው የወንድሙ ልጅ ጄክ ቆሟል። ባልደረባዬ አለቀሰ። ለክላረንስ መስሎኝ ነበር።

«19 ዓመት አብሮኝ የኖረው ሰው ሆስፒታል ሲገባ ‹ምኑ ነህ?› አሉኝ። ‹ጓደኛው› አልኩ። ውጭ ጠብቅ ተባልኩ። ሲሞት አጠገቡ አልነበርኩም።»

እኛ ቤት ይህ ነገር ስሙም አይነሳ። ቤተ ክርስቲያን የተማርኩትንም አልጣልኩም። ግን እኛ እኮ የማናውቀው ጎረቤት ሲሞት እንኳ ለቅሶ እንቀመጣለን።

ኖቬምበር 6 ሜሪላንድ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ለሕዝብ ድምፅ አቀረበች፤ ጥያቄ ቁጥር 6። ስፕሪንግስቲን በ2009 ለኒው ጀርሲ ይህንኑ በይፋ ደግፎ ነበር። እኔ ግን «እደግፋለሁ» የሚለውን ስመርጥ ያሰብኩት ያንን የሆስፒታል ኮሪደር ነው። 52 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ አለፈ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ደወለች። «ያ ሙዚቃ ወዳዱ ጓደኛህ ደህና ነው?»

«ባለቤቱ ሞቶበት አዝኗል።»

«ሞታበት» ብላ አረመችኝ፤ አማርኛ የጠፋብኝ መስሏት።

«ሞቶበት ነው፣ እማዬ።»

ብዙ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ታዲያ» አለችኝ፣ «ለቅሶ ደረስክለት?»