ጭማሪ ወጥ

ድሮ ኮምቦልቻ ላይ ምግብ ቤት የሚመርጠው ተሳፋሪው ሳይሆን ሹፌሩ ነበር። አውቶቡሱ የቆመበት በር ላይ ስልሳ ሰው ይወርዳል፤ የወረደበት ይበላል። ከመንገዱ ማዶ የተሻለ ነገር አለ ብሎ የተሻገረ ሰው፣ ረዳቱ የመኪናውን ጎን እየደበደበ «እንሂድ! እንሂድ!» ሲል አፉን ሞልቶ ሲሮጥ ይታያል። ስለዚህ ምግብ ቤቶቹ የሚፎካከሩት ተሳፋሪውን ለማስደሰት አልነበረም፤ ሹፌሩን ማን ያስቆመዋል ነው ነገሩ። ሹፌርና ረዳት አይከፍሉም። ይህ የትም ያልተጻፈ፣ ሁሉም የሚያውቀው ደንብ ነበር። ለሹፌሩ ጓዳው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ይወለወላል፣ ጥብሱ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል፣ ሲነሳ ሲጋራ ኪሱ ውስጥ ይከተትለታል። የምሳው ዋጋ እኛ ላይ እንደተከፋፈለ የሚጠፋው ሰው አልነበረም፤ የሚናገር ግን የለም። ሐረጎን የሚያወጣን እሱ ነው፤ ያን ሁሉ ጥምዝምዝ የተራበ ሰው ከሚነዳው የጠገበ ቢነዳው ይሻላል።

ከአውቶቡስ ሹፌር በላይ የሚከበርም ነበር፤ የአሰቡ። ወደቡ በ1990 በተነሳው የኤርትራ ጦርነት እስኪዘጋብን ድረስ ለወሎና ለሰሜኑ የጫነው ኤንትሬ ተሳቢውን እየጎተተ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ መጥቶ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ያድራል። ደሴ በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከጦሳ ሥር በብርድ ስትኮራመት፣ ኮምቦልቻ ለብ ያለች ናት፤ ከአፋር ንዳድ የወጣ ሰው ገላውን ታጥቦ የሚቀመጥባት። የአሰብ ሹፌር ሒሳብ አይጠይቅም። ብሩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ይነሳል፤ መልሱ የአስተናጋጇ ነው። አንዳንዴም በብር ፋንታ ከጋቢናው የሽቶ ሳሙና፣ ብስኩት፣ ከየት እንደመጣ የማይጠየቅ የአንገት ልብስ ያወጣል። ፊናንስ ሳያየው ካለፈው ዕቃ ሴቶቹም ድርሻ ነበራቸው። የአሰብ መዘጋት ለአዲስ አበባ የወደብ ጉዳይ ይሁን እንጂ ለኮምቦልቻ አስተናጋጆች የሳሙና ጉዳይ ነበር።

እኔ ደሴ ላይ ወንደላጤ መምህር ሆኜ የበላሁበት ቤት ከፒያሳ ገባ ብሎ ነበር። ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ከበሩ በላይ ያለውን ሰሌዳ ዝናቡ አጥቦት «ምግ» የሚለው ብቻ ቀርቶበታል፤ አላስጠገኑትም፤ አላስፈለጋቸውም። ደንበኛ የሚይዙት በጭልፋ ነው። ሽሮው አልቆ እንጀራ ሲተርፍ ከኋላችን ይመጡና፣ በትከሻችን ላይ አሳልፈው ጭልፋውን ትሪው መሃል ይገለብጡታል። አሁን ወጡ በዛ፤ እንጀራ ይጨመራል። እንጀራው በዛ፤ ጭልፋው ይመለሳል። «ኧረ በቃኝ እትዬ» ስል፣ «ዝም በል! እናትህ እንዲህ ከስተህ ብታይህ ምን ትለኛለች?» ይሉኛል። እናቴን አይተዋት አያውቁም።

የምንበላው በወር ነው፤ የምንከፍለውም ደመወዝ ሲወጣ፣ ካልወጣም ሲወጣ። ሒሳቡ የሚጻፍበት ደብተር ጫፉ ተጠቅልሎ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ ከሻይ ብርጭቆዎቹ ጀርባ ይቀመጣል። እትዬ ስም አይጽፉም። «የቴሌው»፣ «ረጅሙ»፣ «ቀይዋ ነርስ» ነው የሚሉት። እኔ «ቃሪያ አይወድ» ነበርኩ። ከቤቱ ተቀይሞ ሌላ ቤት የሄደ ሰው እንኳ በሳምንቱ ይመለሳል፤ አዲሱ ቤት ቃሪያ እንደማይወድ ማን ይነግርለታል?

ጉርሻውስ? ጉርሻው ሳህን ሥር ነበር። ስሙኒዋን፣ እጅ ያጠረው ቀን አሥር ሳንቲሟን፣ ጠርዙ ሥር ሸጎጥ አድርጎ መውጣት ነው። በእጅ መስጠት ልጅቷን ማሳፈር ይመስላል። የሚገርመኝ ግን ቀን ስሙኒ የሚሸሽግ ያው ሰው ነበር ማታ አዝማሪ ቤት ባቲና አምባሰል ለምታወርደው ድምፃዊ የብር ኖት ግንባሯ ላይ የሚለጥፈው፣ ያውም ቤቱ ሁሉ እስኪያየው ቆም ብሎ። ለዘፈን በአደባባይ፣ ለወጥ በስውር። ዘፋኟ ስሙን አስገብታ ታወድሰዋለች፤ ወጥ ያቀረበችው ምን ብላ ታወድሰው?

ያችን ልጅ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ይጨበጨብላታል። ከተንታ ይሁን ከወረኢሉ የመጣች፣ ዕድሜዋ ከአንደኛው ተማሪዬ የማይበልጥ። ቤቱ ሲዘጋ አግዳሚዎቹን አጋጥማ እላያቸው ላይ ትተኛለች፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች። ደመወዟ ምግብና መኝታ ነበር፤ ለበዓል ደግሞ ቀሚስ። ሳይከፍል የተሰወረ ሰው ካለ ዕዳው በእሷ ነው። ዛሬ ከድሮ ባልደረቦቼ ጋር ስንገናኝ «የወሎ መስተንግዶ ቀረ» እያልን እናዝናለን፤ የእትዬ ጭልፋ ይነሳል፣ ሽሯቸው ይነሳል። የልጅቷን ስም ያስታወሰ ግን ከመካከላችን እስካሁን አልተገኘም።

ይህን ብዬ የደሴን ምግብ ቤት ማማት እንዳይሆንብኝ፣ ሌላው ቦታ ብዙ የማይጨነቁበትን ነገር ያውቁ እንደነበር ልመስክር። አንድ ጠረጴዛ ላይ አራት ጓደኛሞች ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ የሙስሊም ሥጋ፣ ሁለቱ የክርስቲያን። ከተማዋ ስጋ ቤቱን በመስቀልና በጨረቃ ለይታ ኖራለች፤ ወዳጅነቱን ግን እንዲህ አልለየችም። ስለዚህ ብልህ ባለ ምግብ ቤት በሽሮና በምስር ነበር የሚነግደው። ሽሮ ሃይማኖት የለውም። ከሐይቅ ዓሣ የመጣ ቀን ደግሞ ሰርግ ነው፤ ዓሣ ማን ባረከው አይባልም፣ ለአራቱም አንድ ትሪ ይበቃል። በረመዳን ሳምቡሳው ከአሥር ሰዓት ጀምሮ በየበሩ ይከመርና አዛን ይጠበቃል፤ ከሚጠብቁት ግማሹ ምሳውን በልቶ የመጣ ክርስቲያን ነው። «አብሽር፣ ደረሰ» እያለ የሚያጽናናው ጾመኛው ነው እንግዲህ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሳምቡሳው አነሰ ብሎ ቤት አይቀይርም። አብልቶ ሰው ማቆየት ለደሴ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የነበረው አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው፣ እስከ ዛሬም ቆሟል። ንጉሡ ለጥሬ ሥጋው ሒሳብ አልጠየቁም፤ የሚጠይቁት ዘመቻ ሲመጣ ነበር።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴም ኮምቦልቻም በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ መንግሥት መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ነው። የሸሸው ሰው ሲመለስ ብዙው ምግብ ቤት ባዶ ግድግዳ ነበር። የእትዬን ቤት ያን ጊዜ የምታስተዳድረው ልጃቸው ናት፤ ማቀዝቀዣው የለም፣ ወንበሩ የለም፣ ድስቱ የለም። ደብተሩም የለም። ዕዳውን የሚያውቀው እንግዲህ ባለዕዳው ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ሳይጠሩ መጡ፤ «ይህን ያህል ነበረብኝ» ብለው ከሚያስታውሱትም አስበልጠው ቆጠሩላት። ሌሎቹ መንገድ ቀየሩ። በፒያሳ ማለፍ ትተው በሸዋ በር የሚዞሩ ሆኑ። ከዞሩት አንዱ በጉርሻ ቸርነቱ አስተናጋጆች ሲጣሉበት የኖረ ሰው መሆኑን ነገረችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሰውየውን አውቀዋለሁ።

አሁን ደንበኛ የሚሳበው በግድግዳ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም አዲስ የሚከፈት ቤት በመጀመሪያ የሚያስበው ልጆች ቆመው ፎቶ የሚነሱበትን ጥግ ነው፤ የፕላስቲክ አረንጓዴ ተክል፣ የሚበራ ጽሑፍ፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ። ቀጥሎ የእግር ኳሱ ስክሪን። የወጡ ነገር ኋላ ይታሰባል። አልፈርድም፤ ኮምቦልቻ የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካዋን ካገኘች ቆየች፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ተመርቋል፤ ይህን ሁሉ ወጣት በጭልፋ እይዛለሁ ማለት ዘበት ነው። ጭልፋውስ ቢሆን በምን አቅሙ? ብሩ በሐምሌ 2016 ዋጋው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ሜኑ የሚያሳትም ሰው ሞኝ ነው፤ ዋጋው ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ በወረቀቱ ላይ ወረቀት። አንድ ቀን በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ባደርገው ከሥሩ ሦስት የጥብስ ዋጋ አገኘሁ፤ የመጨረሻው በጣም ናፈቀኝ። ጭማሪ ወጥ ብትጠይቅ ይመጣልሃል፤ ደረሰኙ ላይም ይመጣል።

ደረሰኙም ረዝሟል። በ1995 የተጨማሪ እሴት ታክስ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ 15 በመቶው አለ፤ ሞቅ ባሉት ሆቴሎች ከሱ በላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አለ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሒሳቡ በቆዳ ማኅደር ተከትቶ ይቀርብና አስተናጋጇ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆማለች። ፈገግታዋ ደህና ነው፤ ሠልጥናበታለች። የቸገረው የመልሱ ነገር ነው። ድሮ ዝርዝር ሲጠፋ ማስቲካ ይሰጠን ነበር፣ አሁን «ዝርዝር የለም» ይባልና ዝም ይባላል፤ ዝምታውን የምትሰብረው አንተ ነህ፣ «ይሁን» ብለህ።

ዋሽንግተን የሚኖር የአጎቴ ልጅ ሲመጣ እዚህ ሒሳብ ላይ 20 በመቶ ጣል ያደርጋል። ኮምቦልቻ ላይ ከሱ ጋር በበላሁበት ቤት ለወራት እኔን ብቻዬን የሚያስተናግደኝ ጠፍቶ ነበር። ለምን ይህን ያህል ትሰጣለህ ብለው፣ እዚያ አገር አሠሪው በፌዴራሉ ሕግ ለአስተናጋጅ በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ ቢከፍል እንደሚፈቀድለት፣ ያ ቁጥርም ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳልተነቃነቀ ነገረኝ፤ የቀረውን የሚሞላው በላተኛው ነው። «እናንተ ጋ ስንት ነው ትንሹ?» አለኝ። እኛ ጋ ትንሽ የሚባል የለም፤ ለግል ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ገና አልተበጀም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ይኸው አዋጅ ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ አይባልም ሲልም በግልጽ አስቀምጧል። ደመወዝ ካልሆነ የማን ነው? ብዙ ቤት ሠራተኛው ይካፈለዋል፤ ብዙ ቤት ደግሞ ይህን ጥያቄ ለሥራ አስኪያጁ ማንሳት ነውር ነው።

እኔ ለአንዷ አስተናጋጅ አነሳሁላት፤ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ዥዋዥዌ ካላቸው ቤቶች በአንዱ። ቤቱ ባዶ ስለነበር አጠገቤ ቆማ ትንሽ አወራችኝ። ስሟን ጠየቅኋት፤ ደረቷ ላይ ተለጥፎ ኖሯል።

«ይሄ 10 በመቶ አይደርሳችሁም?» አልኋት።

«የኛ ድርሻ ብርጭቆ ሲሰበር ነው፣ ጋሼ» አለችኝ።

ጠረጴዛው ላይ የቴሌብር ቁጥር በመስታወት ተደርጎ ቆሟል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ብዙው ሰው ሒሳቡንም ጉርሻውንም አንድ ላይ ነው የሚልከው፤ ኪሱ ውስጥ ጥሬ ብር ይዞ የሚዞር እንደኔ ያለ ሽማግሌ ነው። ያ የቤቱ ቁጥር መሆኑ ስለገባኝ፣ «እስቲ የራስሽን ንገሪኝ፣ ባንቺው ልላክልሽ» ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

ወደ ካሸሯ ገልመጥ አለች። «ወደኔ ከላኩት መልእክቱ እሷ ጋ ነው የሚጮኸው፤ ስልካችንን ጠዋት ስንገባ ነው የምትሰበስበው። ጥሬ ካለዎት ሳህኑ ሥር ያድርጉልኝ።»